የት እናምሽ? ከውቤ በረሃ እስከ ዩ ስትሪት

ለዚህ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ስለ ዓድዋ፣ ስለ ላሊበላ ወይም ስለ አክሱም ሐውልት ብንጽፍ የሚቃወመን አልነበረም። ይሁን እንጂ ስለነዚህ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም የሚጽፍ አይጠፋም። እኛ ግን በማናቸውም የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አጀንዳው አልቆ ወንበር ሲነሣሣ ሁልጊዜ የሚሰማውን አንድ ጥያቄ የታሪክ ርእስ አድርገን ለመያዝ መረጥን። ጥያቄውም «ታዲያ ዛሬ የት እናምሽ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቀው ኖሯል፤ እኛም ባሕር ተሻግረን ይዘነው መጥተናል። ጠለቅ ብለን ስናየው በውስጡ ሦስት ትንንሽ ጥያቄዎች አሉበት። ማን ይጫወታል? ማን ይገኛል? እንዴትስ ወደ ቤት እንመለሳለን? በየዘመኑ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ወጥቷል። የመረጥነውም እኛ ብቻ አልነበርንም፤ መንግሥትም፣ የቤት ኪራይም፣ ስደትም መርጠውልናል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በአጭሩ ለማሳየት እንሞክራለን። አንባብያን እንዲያስታውሱልን የምንፈልገው፣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

ጠጅ ቤትና አዝማሪ

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ማምሻዋ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ነበር። ጠላ ቤት መኖሩን ለመንገደኛ የሚያስታውቀው በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ሲሆን፣ ይህ ምልክት በአንዳንድ ሰፈርና በየገጠሩ ከተማ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይታይ ነበር። ጠጁ በብርሌ፣ ጠላው በጣሳ ወይም በዋንጫ ይቀርባል። ሰው የሚመርጠው ቤት መጀመሪያ በጠጇ የታወቀች ባለሙያ ሴት ያለችበትን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ አዝማሪው የሚገኝበትን።

አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከገባ ቤቱ ሌላ ይሆናል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት የተሾመው ይመሰገናል፤ የተሻረውም ይወጋል፤ በሰምና ወርቅ ሹክ የተባለው ነገር በማግስቱ ከተማውን ያዳርሳል። ጋዜጣ በማይነበብበት ዘመን የማታ ቤት ማለት ወሬ የሚሰማበት፣ ፍርድ የሚሰጥበት፣ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ሸንጎ ነበር። ይህን ጠባዩን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ በስደት አገር ተመልሰን እናገኘዋለንና።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። ገንዘብ ከፍሎ መብላትና ማደር ለመኳንንቱም ሆነ ለሕዝቡ እንግዳ ነገር ነበር። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶች የናስ መሣሪያ ሙዚቃን በቤተ መንግሥት ተከሉ። ያን ጊዜ ለሰልፍና ለክብር ብቻ የተነፋው ጡሩምባ ከአንድ ትውልድ በኋላ የዳንስ ቤት መጥሪያ እንደሚሆን የገመተ ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።

ባር፣ ማኪያቶና ውቤ በረሃ

ፋሺስት ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ ከጭካኔው ጋር ከተማው ላይ ጥሎት ያለፈው ነገር በቃላችን ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ባር፣ ማኪያቶ፣ ፒያሳ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ካዛንችስ የሚለው የሰፈር ስም እንኳ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ድርጅት ከነበረው ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ ቆጣሪ ፊት ቆሞ መጠጣት፣ ቡና በመኪና ማፍላት፣ መብራትና ግራሞፎን ያለው «ቡና ቤት» መክፈት በከተማው ተስፋፋ። ስሙ ቡና ቤት ይሁን እንጂ ሲመሽ ከቡናው ይልቅ ቢራውና አረቄው እንደሚበልጥ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ከነዚህ ሰፈሮች ሁሉ በዝናው የሚበልጠው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለው ውቤ በረሃ ነበር። ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ እንደሆነ ይነገራል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ተማሪው፣ መኮንኑ፣ ጸሐፊውና ነጋዴው በየቤቱ ሲዘዋወር ያመሽ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የዚያን ሰፈር ሌሊት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ጽፎታል፤ መጽሐፉ በ1960ዎቹ ቢጻፍም ሳይቆረጥ የታተመው ብዙ አሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ታሪኩን ማጉደል ይሆንብናል። ስለ ውቤ በረሃ ሲወራ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው፤ ትዝታውም የሳቅና የጨዋታ ነው። በነዚያ ቤቶች የሠሩት ሴቶች ግን ከየገጠሩ በድህነት፣ ያለ ዕድሜ በተደረገ ጋብቻ ወይም በፍቺ ተገፍተው የመጡ ነበሩ። ለወንዱ «የት ላምሽ?» የሚለው የምርጫ ጥያቄ ሲሆን፣ ለእነሱ ምሽቱ የኪራይና የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነበር። ጥቂቶቹ ገንዘብ ቋጥረው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፣ ልጅም አስተማሩ። ብዙዎቹ ግን ስማቸው እንኳ ሳይመዘገብ አለፉ። የከተማችን የማታ ታሪክ በነሱ ጫንቃ ላይ የቆመ መሆኑን የምናስታውሰው ለትችት ብለን አይደለም፤ እውነቱ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ማን ይጫወታል? የባንዶቹ ዘመን

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ማን ይጫወታል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ሆነ። በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት እጅ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነበሩ፤ በ1955 የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ ብዙውን ጊዜም ወታደር ነበር። በ1960 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ከታሰሩት መካከል ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ ይገኝበት ነበር። ይህ ብቻ ዘፈንና መንግሥት ምን ያህል ተቆራኝተው እንደነበር ያስረዳል።

ሆኖም ሙዚቀኞቹ ከሥራ ሰዓት ውጪ ወደ ግል ዳንስ ቤቶች ብቅ ማለት ጀመሩ። ከነዚህ አንዱ አሪዞና ክለብ ነበር። የመርካቶ ልጅ የነበረው ማሕሙድ አሕመድ እዚያ የእጅ ሥራ እየሠራ በሚኖርበት ጊዜ፣ በ1962 አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሳይመጣ ቀረ። ማሕሙድ «እኔ ልሞክር» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት፤ ዘፈነም። ከዚያም የክብር ዘበኛ ባንድ አባል ሆነ። በዚያች ማታ አሪዞናን መርጦ የገባ ሰው፣ ኋላ ዓለም የሚያውቀውን ድምፅ ከሁሉ ቀድሞ ሰምቶ ወጣ ማለት ነው። የማታ ቤት ምርጫ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ዕድል ያመጣል።

ከተማውም ሰፋ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 በአዲስ አበባ ሲቋቋሙ ዲፕሎማቱና እንግዳው በዛ። ሂልተን በ1969 ተከፈተ። በሆቴሎቹ ውስጥ ለሕዝብ የሚጫወቱ ባንዶች ተተከሉ። በ1970ዎቹ የከተማው ሰው «ዋልያስ ሂልተን ነው፤ አይቤክስ ራስ ሆቴል ነው፤ ዳህላክ ግዮን ነው» እያለ ነበር የሚመርጠው። ቤቱን መምረጥ ማለት ባንዱን መምረጥ ሆነ። ኪሱ ያልቻለ ደግሞ በየሰፈሩ ቡና ቤት ሸክላ እያስጠራ፣ ጁክቦክስ ባለበትም ሳንቲም እየጨመረ ያመሽ ነበር።

ሸክላውን በተመለከተ የአቶ አምሃ እሸቴ ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ እሳቸው ገና በወጣትነታቸው በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ። ለመታሰር እንኳ ቆርጠው ነበር ይባላል። እስከ 1975 ባለው ጊዜ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳተሙ። ዳንስ ቤቱ የወለደውን ሙዚቃ ሸክላው አስቀረው፤ ሸክላው ባይኖር ዛሬ የዚያን ዘመን ድምፅ የምንሰማው በወሬ ብቻ በሆነ ነበር።

በኅዳር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ገባ። ሂልተን አረፈ፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ሠራ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተቀበለ። ኤሊንግተን በ1899 ዋሽንግተን ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ በዩ ስትሪት አካባቢ ዳንስ ቤቶች ሙዚቃውን የጀመረ ሰው ነው። ያን ማታ በሂልተን ከተቀመጡት አዲስ አበቤዎች መካከል ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኤሊንግተን ሰፈር ምግብ ቤት የሚከፍት ወገን ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኤሊንግተን በግንቦት 1974 አረፈ። በዚያው ዓመት መስከረም ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የአዲስ አበባም ሌሊት ተዘጋ።

እንዴት እንመለሳለን? የሰዓት እላፊው ዘመን

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ሰዓት እላፊ አወጀ። ሰዓቱ እንደየጊዜው ቢለዋወጥም ገደቡ በዘመነ ደርግ ሁሉ የከተማውን ሰው አልለቀቀውም። ከሦስቱ ጥያቄዎች «ማን ይጫወታል?» እና «ማን ይገኛል?» ወደ ኋላ ቀርተው «እንዴት እንመለሳለን?» ብቻ ፊት ወጣ። በቀይ ሽብር ዓመታት፣ ማለትም በ1977 እና በ1978፣ ከሰዓት ውጪ መንገድ ላይ መገኘት ሕይወት የሚያስከፍል ነበር። እናት ልጇ አምሽቶ ሲቀር የምታስበው ስለ መጠጥ አልነበረም።

ሆኖም ሰው መላ አያጣም። መመለስ ካልተቻለ እዚያው ማንጋት ነበር መላው። ሂልተን የሚጫወተው ዋልያስ ባንድ ሰዓት እላፊው እስኪነሣ ድረስ ሌሊቱን ሲጫወት ያነጋ ነበር፤ ታዳሚውም በሩ ተዘግቶበት ሲጨፍር ያድርና ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በየቡና ቤቱም እንዲሁ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ተቀንሶ ይታደር ነበር። በሌላ አገር አንድ ሰው ከአንድ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በሚያመሽበት ዘመን፣ የኛ ሰው አንድ ቤት መርጦ እስኪነጋ መጽናት ነበረበት። ስለዚህ ምርጫው ከበደ። አብረኸው የምታነጋውን ሰው ማወቅ አለብህ፤ የሚሰማህን ማወቅ አለብህ። ጨዋታው በሹክሹክታ ሆነ፤ ዘፈኑም ቃሉን ትቶ ወደ መሣሪያ ሙዚቃ አደላ፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ሳንሱር አያስቸግረውምና።

በትንንሾቹ ቤቶች የደረሰው ጉዳት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ትልቅ ሆቴል እንግዳውን ማሳደር ይችላል፤ የሰፈር አዝማሪ ቤት ግን አይችልም። ብዙው ተዘጋ። ከ1974 በኋላ ተወልዶ በዚያ ዘመን ያደገው ትውልድ ሙዚቃን ከባንድ ፊት ቁጭ ብሎ ከመስማት ይልቅ በካሴት ለማወቅ ተገደደ።

ማን ይገኛል? የስደቱ ዘመን

አሁን ወደምንኖርበት ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ እንሻገር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በተለይም የ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ወገናችን በብዛት ወደዚህ ገባ። በ1978 ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በጆርጂያ አቬኑ ተከፈተ። በ1980ዎቹ በአዳምስ ሞርጋን 18ኛ ስትሪት ላይ ሬድ ሲና መስከረምን የመሳሰሉ ቤቶች ተከታተሉ። አቶ አምሃ እሸቴ በ1975 ከአገር ወጥተው ስለነበር እሳቸውም እዚሁ ብሉ ናይል የተባለ ምግብ ቤት፣ ከዚያም አይቤክስ የተባለ የምሽት ክበብ ከፈቱ። በ1981 ዋልያስ ባንድ ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከአባላቱ ኃይሉ መርጊያን፣ ግርማ በየነን፣ ሞገስ ሀብቴንና መላኩ ገብሬን ጨምሮ ገሚሱ እዚሁ ቀረ። በዚያው ዓመት አገር የለቀቀችው አስቴር አወቀም በ1989 በወጣው አልበሟ በውጪው ዓለም ከመታወቋ በፊት በዋሽንግተን ያሉ የኛን ምግብ ቤቶችና ክበቦች እየዞረች ትዘፍን ነበር።

በዚህ ዘመን ጎልቶ የወጣው ጥያቄ «ማን ይገኛል?» የሚለው ነው። ሳምንቱን በጋራዥ፣ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ ሲሠራ የከረመ ሰው ቅዳሜ ማታ የሚወጣው መጠጡን ፈልጎ አይደለም፤ መጠጡን ከሱቅ በርካሽ ያገኘዋል። የሚወጣው ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው ፍለጋ ነው። ሥራ የሚገኘው እዚያ ነበር፤ ደባል የሚገኘው እዚያ ነበር፤ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ የሚተላለፈው፣ ዕቁብ የሚጣለው፣ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ባርኔጣ የሚዞረው እዚያ ነበር። ባንዱ ገና መሣሪያውን ሲያስተካክል በየጠረጴዛው የሚዞር የመዋጮ ዝርዝር የማያስታውስ የቀድሞ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ቀደም ሲል ጠጅ ቤቱ ሸንጎ ነበር ያልነው እዚህ ተመልሶ መጣ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ከፋፋይም ነበር። አገር ቤት የተጀመረው የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ኋላም የሌሎቹ ወገኖች ጠብ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል። አንድ ሰው የት እንደሚያመሽ ከታወቀ ከማን ወገን እንደሆነ ይገመት ነበር። ወንድማማቾች የማይገናኙት ለየቅል ቤት ስለሚያመሹ የሆነበት ጊዜ አለ። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር አንዱ ታላቅ ጥቅሙ ይህን ግድግዳ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን ማፍረሱ ነው። በዚያ ሳምንት አስተናጋጅ ከተማው ውስጥ በየአዳራሹ ሙዚቃ ስለሚኖር «የት እናምሽ?» ራስ ምታት ይሆናል፤ ግን ደስ የሚል ራስ ምታት ነው። የኛም ማኅበር የመጀመሪያ ስብሰባውን ያደረገው የማታው ሙዚቃ ከመጀመሩ በፊት ባዶ በነበረ የአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ መሆኑን ነባር አባላት ያስታውሳሉ። አዳራሽ ለመከራየት አቅም አልነበረንም፤ ባለቤቱ በነጻ ፈቀዱልን።

ኪራይና ሕግም ይመርጣሉ

ዩ ስትሪት በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ሁከት ተቃጥሎ ለብዙ ዓመት ባድማ ሆኖ ነበር። የባቡር ጣቢያው በግንቦት 1991 ተከፈተ፤ በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ ደርግ ወደቀ። በአዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲወደድ የኛ ሰዎች ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛ ስትሪት ወረዱ። በ1987 ኮሎራዶ አቬኑ ላይ መንታ እህትማማቾች የከፈቱት የጃዝ ቤት በ2000 ወደ ዩ ስትሪት በመስፋፋት ትዊንስ ጃዝ በመባል ታወቀ፤ የኛ ወጥና የኤሊንግተን ሙዚቃ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ። ሰፈሩን ካቀኑት መካከል የኛ ሰዎች ነበሩበት። ሰፈሩ ሲቀና ግን ኪራዩ ተከትሎ ወጣ፤ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያና ወደ ፎልስ ቸርች ተሰደዱ። ትዊንስ ጃዝም በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ተዘጋ።

ሕጉም እንደየአካባቢው ይለያያል። በዋሽንግተን ከተማ መጠጥ መሸጥ የሚቆመው በአዘቦት ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ ምግብ የማይሸጥ መሸታ ቤት አይፈቀድም፤ ለረጅም ዓመታት ጠንካራ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ከሽያጩ ቢያንስ 45 በመቶው ከምግብና ከለስላሳ እንዲሆን ይገደድ ነበር። ቨርጂኒያ ያሉ የኛ የማታ ቤቶች እስከ ሌሊት ክትፎና ጥብስ የሚያወጡት ለእንግዳ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ለሕጉም ሲሉ ነው። «እንዴት እንመለሳለን?» የሚለውም እዚህ አገር ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተንም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም በደም ውስጥ የአልኮል መጠን 0.08 በመቶ ከደረሰ መንዳት ወንጀል ነው። በመካከላችን በመኪና መሪ እንጀራውን የሚበላ ብዙ ስለሆነ የአንድ ሌሊት ስሕተት የቤተሰብ መተዳደሪያ ያሳጣል፤ የመኖሪያ ወረቀትም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ማን እንደሚነዳ መወሰን ወይም ታክሲና ኡበር መጥራት አሁን የምርጫው አንድ ክፍል ነው።

ቤቶቹ ሲፈርሱ

በአገር ቤት ሰዓት እላፊው ከቀረ በኋላ በ1990ዎቹ የአዲስ አበባ ሌሊት እንደገና ተነሣ። በካዛንችስ የአዝማሪ ቤቶች በረድፍ ተከፈቱ፤ ቦሌና ቺቺንያ ደመቁ። የድሮዎቹ ሸክላዎችም ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮጲክስ» በሚል ርእስ በሲዲ እየታተሙ ሲወጡ የኛ የዳንስ ቤት ሙዚቃ ለዓለም ተሰማ። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ ግን ሆቴሉ በጥር 2015 ሲቃጠል አብሮ ጠፋ። በ2024 መጀመሪያ ወራት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። በዚያው ዓመት ካዛንችስ ሲፈርስ የአዝማሪዎች መሰባሰቢያ የነበረው ፈንድቃም ቦታውን መልቀቅ ግድ ሆነበት። አቶ አምሃ እሸቴ በ2021 ዐርፈዋል። ጥላሁን ገሠሠ ካረፈ ቆይቷል፤ በ2009 ነው።

እንግዲህ እዚያ ቤቱ ፈርሷል፤ እዚህ ኪራይ ጨርሶታል። ቤተ ክርስቲያን ቢፈርስ ታቦቱ ይነሣል፤ መስጊድም ቢፈርስ ማኅበሩ ይቀጥላል። የማታ ቤት ሲፈርስ ግን መዝገብ የለውም፤ የቀረው መዝገብ እናንተ ናችሁ። ማን የት ይጫወት እንደነበር፣ መግቢያው ስንት እንደነበር፣ የመጀመሪያው መዋጮ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተጻፈ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ በሚቀጥለው የአሥር ዓመት በዓል ላይ ሁሉም ስለመኖራቸው ዋስትና የለንም።

ስለዚህ ለአባሎቻችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየቤታችሁ ያለውን የድሮ ፎቶግራፍ፣ የሙዚቃ ማስታወቂያ፣ የመግቢያ ቲኬትና ካሴት ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አሳዩን፤ ቅጂውን አንሥተን ዋናውን እንመልሳለን። ከሁሉ በላይ ግን ትዝታችሁን አስቀዱ። በነዚያ ቤቶች ምግብ ያበሰሉ፣ ያስተናገዱ፣ የዘፈኑ እህቶቻችን ቃል በተለይ ያስፈልገናል፤ ታሪኩ እስካሁን የተነገረው በተቀመጠው ሰው አንደበት እንጂ ሲያስተናግድ በቆመው ሰው አንደበት አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ ለምትወጡት ሦስቱን ጥያቄዎች እናውርሳችሁ። ማን ይጫወታል? ሙዚቀኛ በአካል ተገኝቶ የሚጫወትበትንና ለድካሙ የሚከፈልበትን ቤት ምረጡ፤ ባንድ የሚያኖረው የታዳሚ መግቢያ ነው። ማን ይገኛል? ሴት ልጅ ብቻዋን ገብታ ሳትደፈር የምትቀመጥበትን፣ ወገን ሳይለይ ሁሉ የሚገባበትን ቤት ምረጡ። እንዴት እንመለሳለን? ይህን ከመውጣታችሁ በፊት መልሱ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰዓት እላፊ ከልክሏቸው ያጡት ነገር አምሽቶ በሰላም መመለስን ነበርና፣ እኛ ባገኘነው አንቀልድበት።

መልካም በዓል፣ መልካም ምሽት ይሁንልን። ቸር ያሰንብተን።